«ቲቸር፣ ማን አይቶ ነው?»

ፒያሳ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የድንቅነሽ አጽም ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ስል ከኋላ ወንበር አንድ እጅ መውጣቱ አይቀርም፤ «ቲቸር፣ ማን አይቶ ነው?» ክፍሉ ይስቃል። እኔ ግን በዓመት ውስጥ ከሚጠየቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ልጁ እንዴት እንደሚታወቅ ማወቅ ፈልጓል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ይዤ በራስ መኮንን ድልድይ፣ በአራት ኪሎ አድርገን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር እንሄዳለን። የኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ መንገድ ዳር ቁፋሮ አይጠፋም፤ እዚያ አቆማቸዋለሁ። ከላይ የአስፋልት ስባሪ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያ አፈር። የትኛው ቀድሞ መጣ? የታችኛው። ዶሮ ማነቂያ ያደጉ፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈራቸው የፈረሰባቸው ልጆች ይህን ለማየት ዓይናቸው ፈጣን ነው፤ ምን የት ላይ ቆሞ እንደነበር ያውቃሉ።

የአፋሩ ሐዳርም እንዲሁ ንብርብር መሬት ነው። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽን አጥንቶች ባገኙበት አካባቢ፣ በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም አንዱ ዓይነት እጅግ ቀስ ብሎ፣ ፍጥነቱም ታውቆ፣ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የቀድሞው ጋዝ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመውን የለካ ሰው አመዱ መቼ እንደወደቀ ይደርስበታል። አጥንቶቹ ከአመዱ በላይ ወይም በታች መሆናቸው ደግሞ የእነሱን ዕድሜ ይጠቁማል። ያየ የለም፤ የተለካ ግን አለ።

ሙዚየሙ ውስጥ ለእይታ የቀረበው አምሳያዋ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ እኔ ብዙ የምቆየው ግን የጭን አጥንቷ ጋ ነው። ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። «እጃችሁን ዳሌያችሁ ላይ አድርጉና እስከ ጉልበታችሁ አውርዱት» እላቸዋለሁ። የእነሱም ያዘነብላል። የቺምፓንዚ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወዲያ ወዲህ ከሚያወዛውዘው ነገር አንዱ ይኸው ነው። ድንቅነሽ ቀጥ ብላ ትራመድ ነበር፤ የዝርያዋ አንጎል ግን የእኛን ሲሶ ያህል ነው። ቀደም ሲል ብዙ ሊቃውንት አንጎል ቀድሞ አድጓል ብለው ያስቡ ነበር። አጥንቷ እግር እንደቀደመ አሳየ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወደ ገዛ እግራቸው ያያሉ፤ ለዚህች ቅጽበት ስል ነው መምህር የሆንኩት።

«አዳምስ?» የሚለኝም አለ። ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሞ የመጣ ልጅ ነው፤ ጥያቄውን አልንቅበትም። ስለ እምነቱ አባቶችን ይጠይቅ፤ የእኔ ድርሻ አጥንት እንዴት እንደሚነበብ ማሳየት ነው።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው ቁጥሩ ነው ብለን አስጽፈን የምናልፈው ነገር ልጆቻችንን እየጎዳ ነው። ከየት እንደመጣ ማወቅ ለሚሻ ልጅ የተሸመደደ ቁጥር ምንም አያደርግለትም። ሙዚየሙ ለአራዳ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቅርብ ነው። ወላጆችም ብትሆኑ በዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሲጠይቋችሁም አታጣድፏቸው።