አንድ ኳስ፣ ሁለት መቶ ደቂቃ

የአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ከአንድ ቡድን አምስት ሰው ይሰለፋል። 40 በ5 ሲባዛ አሰልጣኙ ለልጆቹ የሚያካፍለው 200 ደቂቃ ነው፤ ቢለምኑትም ከዚያ አይጨምርም። ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ልጆች ደግሞ ለብዙ ዘመን በደንቡ 13 ነበሩ። ዋናዎቹ አምስቱ እያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ ግድም ከወሰዱ 150ው አለቀ። የተረፈውን 50 ሦስት ወይም አራት ልጆች ይሻሙታል፤ ሌሎቹ ፎጣ ያቀብላሉ፣ ያጨበጭባሉ። አንድ የሃይስኩል ኮከብ እገሌ ኮሌጅ ሊገባ ነው ተብሎ ሲወራ እኔን ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው፦ የማንን ደቂቃ ሊወስድ?

የምልመላው ዓለም ግን በሌላ ሒሳብ ነው የሚያወራው። ተመልማዮች በኮከብ ይመዘናሉ፤ ባለ አምስት ኮከብ የሚባሉት በየዓመቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መዛኞቹ የልጁን ቁመት፣ የክንዱን ርዝመት፣ ዝላዩን፣ አወራወሩን ያያሉ። በበጋ ወራት በትልልቅ የጫማ ኩባንያዎች ድጋፍ በሚካሄዱ ውድድሮች ላይ አሰልጣኞች የኮሌጃቸው አርማ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሜዳውን ከበው ይቀመጣሉ። ዋናው ነገር መታየት ነውና ልጁም እነሱ መኖራቸውን እንዲያይ ይፈልጋሉ። የተሰጠው ኮከብ ልጁ ጎበዝ መሆኑን ይናገር ይሆናል። የት ሲሆን ጎበዝ እንደሚሆን ግን አይናገርም።

አሰልጣኙ በሆዱ የያዘው ስሌት ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚያሰላው ማን እንደሚሄድ ነው። አንድ ተማሪ በተለመደው ደንብ የሚጫወተው አራት የውድድር ዓመት ነው፤ በጣም ጥሩዎቹ ግን አንዱን ዓመት ጨርሰው ወደ ኤን.ቢ.ኤ ይበራሉ፤ ምክንያቱም ከ2006 የተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሊጉ ከሃይስኩል በቀጥታ የሚመጣ አሜሪካዊ አይቀበልም። ዕድሜው 19 መሙላት፣ ሃይስኩል ከጨረሰም አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ሁለተኛው ነገር ቡድኑ የሚጫወትበት መንገድ ነው። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ሳይወረውር መቆየት የሚችለው 30 ሴኮንድ ነው። በአስረኛው ሴኮንድ ወርውሮ መሮጥ የሚወድ አሰልጣኝ አለ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ የሚያስወረውርም አለ። በሩጫ የሚኖር ልጅ ለሁለተኛው ቢሰጥ ግማሽ ሰው ይሆናል። በደንብ ወርዋሪ ሆኖ እግሩ ዘገምተኛ የሆነ ልጅ ደግሞ ሜዳውን ሙሉ እያሳደደ ወደሚከላከል ቡድን ቢገባ፣ ተጋጣሚዎች በየጨዋታው ፈልገው የሚያጠቁት እሱን ነው። ተመልማይ በሞላ ቤት ውስጥ እንደምትገባ ምራት ነው፤ ከሙያው በፊት ማን የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ከሚያስረዱ ታሪኮች እንደ ስቴፈን ከሪና እንደ ዴቪድሰን ኮሌጅ ጉልህ የሆነ አላውቅም። ከሪ በሰሜን ካሮላይና ቻርለት ከተማ በሚገኝ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲጫወት ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ83 ብዙም የማይዘል፣ ቀጭን ልጅ ነበር። አባቱ ዴል ከሪ የኤን.ቢ.ኤ ተጫዋች፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የቨርጂኒያ ቴክ ጀግና ነበር። ቨርጂኒያ ቴክ ግን ለልጁ ስኮላርሺፕ አልሰጠም፤ ከመጣ ያለ ስኮላርሺፕ ይቀላቀል ነበር ያለው። ሌሎቹ ትልልቅ ኮሌጆች ይህንንም አላሉ። በየቀኑ ከሁለት ሜትር ሰው ጋር ለሚጋፋ ቡድን ይህ ልጅ ይሰበራል ብለው ነው። እውነቱን ለመናገር ፍርዳቸው ለራሳቸው ቡድን ስሕተት ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ዴቪድሰን ከቻርለት በስተሰሜን በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቅ፣ ከሁለት ሺህ የማይበልጡ ተማሪዎች ያሉት ትንሽ ኮሌጅ ነው። አሰልጣኙ ቦብ ማኪሎፕ ከ1989 ጀምሮ እዚያው ነበር። ልጁንም ከሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ የራሱ ልጅና ከሪ በአስር ዓመታቸው አንድ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ነበሩ። ደጋግሞ ከሚያወራቸው ነገሮች አንዱ ከሪን በላስ ቬጋስ ውድድር ላይ ያየበት ቀን ነው። ልጁ በዚያ ቀን ክፉኛ ተጫወተ፤ ኳስ አስነጠቀ፣ ሳተ። ነገር ግን ዳኛ ላይ አልጮኸም፣ ጓደኛው ላይ ፊቱን አላጠቆረም፤ ሲቀየርም ወንበር ላይ ሆኖ ጓደኞቹን ያበረታታ ነበር። ማኪሎፕ ይህን ልጅ ማግኘት አለብኝ ያለው ያን ጊዜ ነው። መልማዮች ወንበር ላይ የተቀመጠን ልጅ የሚያጠኑት ለዚህ ነው፤ ኳስ የያዘውንማ ሁሉም ያየዋል።

መግጠሙ ከየት መጣ ቢባል፣ አንደኛው ነገር ክፍት ቦታ ነው። ከሪ በ2006 ሲገባ የቡድኑ ነባሮች በብዛት ተመርቀው ሄደዋል፤ 200ው ደቂቃ ባለቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የጨዋታው ስልት ነው። የማኪሎፕ ቡድን ማጥቃት ሲጀምር ማንም ቆሞ አይታይም። አንዱ የጓደኛውን ጠባቂ መንገድ ይዘጋል፤ ይህን ስክሪን ይሉታል፤ ጓደኛው በዚያ ዞሮ ይወጣል፣ ኳሱ እዚያ ይጠብቀዋል። ጉልበት ያለው ልጅ ጠባቂውን ገፍቶ ቦታ ይከፍታል። ከሪ ጉልበት አልነበረውም፤ ነገር ግን 40 ደቂቃ ሳይደክም መሮጥና ኳስ እጁን በነካ ቅጽበት መልቀቅ ይችል ነበር። በትልልቆቹ ኮሌጆች ዓይን ጉድለት የነበረው ነገር እዚህ ትርጉም አጣ። ናይጄሪያዊው አንድሩ ላቭዴልና ሌሎቹ ግዙፎች መንገድ ይዘጋሉ፤ አቀባዩ ጄሰን ሪቻርድስ ኳሱን ከነጥፍጥናው ያደርሳል። ሪቻርድስ በ2007–08 ለጎል የሚያበቃ ኳስ በማቀበል ከአገሪቱ አንደኛ ነበር። ከሪ ኳሱን ራሱ ይዞ መውጣት ስላልነበረበት ጉልበቱን ለመወርወር ያውለው ነበር። ይህ ሳይጠቀስ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ከሪን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ከሪ በመጀመሪያው የኮሌጅ ጨዋታው ኢስተርን ሚሺጋን ላይ 13 ጊዜ ኳስ አስነጠቀ። አሥራ ሦስት! በትልቅ ኮሌጅ ቢሆን ከኋላው ሦስት ባለ አራት ኮከቦች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ልጁ ወንበሩን እስከ ታኅሣሥ ባልለቀቀ። ማኪሎፕ በማግሥቱ ሚሺጋን ላይ መልሶ አሰለፈው፤ 32 ነጥብ አገባ። በዚያ ዓመት በጨዋታ 21.5 ነጥብ በአማካይ አስመዝግቦ፣ በአገሪቱ ካሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከቴክሳሱ ኬቨን ዱራንት ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ2008 ማርች በተደረገው አገር አቀፍ ውድድር ጎንዛጋ ላይ 40፣ ጆርጅታውን ላይ 30፣ ዊስኮንሲን ላይ 33 ነጥብ አግብቶ ቡድኑን ከመጨረሻዎቹ ስምንት አደረሰ። የኮሌጁ ቦርድ ተማሪዎቹ ዲትሮይት ሄደው እንዲያዩ የአውቶቡሱን፣ የማደሪያውንና የትኬቱን ወጪ ቻለ። ካንሳስን ሲገጥሙ 59 ለ57 እየተመሩ የመጨረሻው ኳስ እጃቸው ላይ ነበር። ከሪ በሁለት ሰው ተከበበ፤ ለሪቻርድስ አቀበለ፤ ሪቻርድስ ወርውሮ ሳተ። ካንሳስ ከዚያ ዋንጫውን ወሰደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ለተረት ይመች ነበር። ሪቻርድስ ግን ተመረቀ። ከሪ ወደ ኤን.ቢ.ኤ መሄድ ሲችል አንድ ዓመት ጨምሮ፣ ኳስ የሚያወጣውና የሚያቀብለው እሱ ሆነ። ለራሱ ወደፊት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በጨዋታ 28.6 ነጥብ አስመዝግቦ ከአገሪቱ አንደኛ ወጣ፤ በ2009 ምርጫ በሰባተኛነት ጎልደን ስቴት ወሰደው። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት ለዋናው ውድድር አልበቃም። በኖቬምበር 2008 የሜሪላንዱ ሎዮላ ሙሉውን ጨዋታ ሁለት ሰው ሲያስከትልበት፣ ከሪ ጥግ ላይ ቆሞ ጓደኞቹን አራት ለሦስት እንዲጫወቱ ተዋቸው። ዜሮ ነጥብ አስመዘገበ፤ ዴቪድሰን 78 ለ48 አሸነፈ። ያ ምሽት በቁጥር መዝገብ ላይ አሳፋሪ ይመስላል። እኔ ግን ልጁ ለዚያ ቡድን ምን ያህል እንደሚስማማ የታየበት ከ40 ነጥቡ ይልቅ ያኔ ነው እላለሁ።

ባለ አምስት ኮከቦችስ? እነሱ ቦታ አይፈልጉም፣ ቦታ ይለቀቅላቸዋል ይባላል። ኬንታኪ በ2012 ያነሳው ዋንጫ ሌላ ነገር ያሳያል። አንቶኒ ዴቪስ በሃይስኩል ሳለ በአጭር ጊዜ ተመንጥቆ ያደገ፣ ከዚያ በፊት ኳስ የሚያወጣ አጭር ተጫዋች የነበረ ልጅ ነው። በፍጻሜው ካንሳስ ላይ 10 ጊዜ ወርውሮ አንዴ ብቻ አገባ፤ ከፍጹም ቅጣት ጋር በጠቅላላው 6 ነጥብ። ሆኖም 16 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) ሰበሰበ፣ 6 ኳስ ከአየር ላይ መለሰ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ተባለ። በዙሪያው የሚወረውር ሞልቶ ስለነበር ከእሱ የተፈለገው ቀለበቱን መጠበቅ ነበር። ይህን የተቀበለ ኮከብ ብርቅ ነው።

የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቶኒ ቤኔት ዘመን ከአገሪቱ ቀርፋፋ ቡድኖች አንዱ ነበር፤ ተመልካች ያዛጋል እየተባለ ይታማ ነበር። ኳስ የያዘውን ከሚጠብቀው በቀር ተከላካዮቹ ሁሉ ከቀለበቱ አምስት ሜትር ግድም ወደ ውስጥ ታጭቀው መንገድ ይዘጉ ነበር። ይህን ስልት አዲስ ገቢ በአንድ ወር አይለምደውም። ስለዚህ ቤኔት ሬድሸርት የሚባለውን አሠራር ይጠቀም ነበር፤ ልጁ አንድ ዓመት እየተለማመደ ሳይጫወት ይቆያል፣ ከአራቱ የመጫወቻ ዓመታት ግን አይቀነስበትም። ዲአንድሬ ሀንተር 2016–17ን እንዲህ አሳለፈ። በማርች 2018 ቨርጂኒያ አንደኛ ተብሎ በገባበት ውድድር፣ አስራ ስድስተኛ ለተባለው ዩ.ኤም.ቢ.ሲ 74 ለ54 ተሸነፈ፤ በወንዶች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር፤ ሀንተር ተጎድቶ አልተጫወተም። በዓመቱ ከቴክሳስ ቴክ ጋር በፍጻሜው ተሰልፎ 27 ነጥብ አገባ፤ የተጋጣሚውን ኮከብ ጃሬት ከልቨርንም ሲከተለው ውሎ፣ ከ22 ውርወራ 5 ብቻ እንዲያገባ አደረገው። ቨርጂኒያ 85 ለ77 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ዛሬ ይህን ያህል የሚታገሥ ልጅም አሰልጣኝም እየጠፋ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት ኮሌጅ የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ የነበረበት ደንብ ላላ፤ በ2024 ደግሞ ደጋግሞ መቀየርም ተቻለ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ በስምምነቱ የገቡት ኮሌጆች በቡድናቸው የሚይዙት ቢበዛ 15 ልጅ ሆነ። አሰልጣኞች የ18 ዓመት ልጅ አሳድገው ከማየት ይልቅ፣ ሌላ ቦታ የተፈተነ የ22 ዓመት ሰው መውሰድ ጀመሩ። የሃይስኩሉ ልጅ የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ አይደለም። ከሪ ያን የመጀመሪያ ዓመቱን ዛሬ ቢያሳልፍ፣ ዴቪድሰን ሁለተኛውን የሚያየው ይመስላችኋል? እኔ እጠራጠራለሁ።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ የእኛ ቤተሰቦች ይህ ሩቅ ወሬ አይሆንባቸውም፤ የዋሽንግተን አካባቢ ከአገሪቱ የቅርጫት ኳስ ማዕከላት አንዱ ነው። ወላጅ ስለ ትምህርቱ ይጠይቃል፣ ደግ ያደርጋል። ግን ደግሞ ዬልን የመሳሰሉት የአይቪ ሊግ ኮሌጆች በስፖርት ብቻ ስኮላርሺፕ እንደማይሰጡ፣ ዲቪዥን ሦስት የሚባሉትም እንዲሁ እንደሆኑ፣ አይቪዎቹ የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ ብቻ፣ ዲቪዥን ሦስቶቹ ደግሞ በቤተሰብ ገቢና በትምህርት እንደሆነ ይወቅ። የሚጎበኘውም አዳራሽና የመኖሪያ ሕንፃ ብቻ እንዳይሆን። አንድ ልምምድ ተቀምጦ ይመልከት፤ በልጁ ቦታ የሚጫወቱት እነማን እንደሆኑ፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆኑ ይቁጠር፤ የሳተ ልጅ ምን እንደሚባል ይስማ። ከሁሉ በላይ አሰልጣኙን፣ አንተ ብትሄድስ ብሎ ይጠይቅ። ማኪሎፕ ዴቪድሰን 33 ዓመት ቆየ፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ቶኒ ቤኔት በኦክቶበር 2024፣ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው በድንገት ተሰናበተ። ለእሱ ዘገምተኛ ስልት ተመርጠው የመጡት ልጆች ዓመቱን በምክትሉ ሥር ተጫወቱ። በማርች 2025 ቨርጂኒያ አዲስ አሰልጣኝ ቀጠረ፦ ራያን ኦዶም፤ በ2018 ዩ.ኤም.ቢ.ሲን ይዞ ያንኑ ቨርጂኒያን ያሸነፈው ሰው።