ማድጋው ውስጥ ያለው ብር ነው

ጎንደር ላይ አሮጌ ቤት ፈርሶ አዲስ መሠረት በተቆፈረ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይወጣል። እከሌ ማድጋ ሙሉ የወርቅ ሳንቲም አገኘ፤ ሌሊት ጭኖት ወጣ፤ ይኸው አሁን ፎቅ እየገነባ ነው ይባላል። ሰውየው ፎቁን በባንክ ብድር ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ብድር ግን ለወሬ አይጥምም። ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ሲወጣ ወሬው ጠባቂ ይጨመርለታል። ዘንዶ ይተኛበታል፣ ጋኔን ይቀመጥበታል፣ ድግምት የሚያውቅ ደብተራ ካልመጣ አይነሣም። ከሁሉ የማይሞተው ግን ጣሊያን ሲሸነፍ ቀብሮት ሄደ የሚባለው ወርቅ ነው።

የመቅበሩ ነገር እውነት ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯት ከተማ ሀብቷን ከመሬት በላይ አስቀምጣ ብዙም አልተጠቀመችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቷን ዘርፈው ከተማዋን አቃጠሉ። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1880፣ ደርቡሾች ከመተማ በኩል መጥተው የቀረውን አነደዱት። በዚያ ዘመን ባንክ የሚባል ነገር የለም፤ የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ አዲስ አበባ ላይ በሩን የከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ነጋዴውም ባላባቱም ያለውን በማድጋ አድርጎ በምድጃው ሥር ወይም በጓዳው ጥግ ይቀብራል፤ ቦታውን ሳይናገር ከሞተም እዚያው ይቀራል።

ወሬው የሚሳሳተው ወርቁ ላይ ነው። በዚህች አገር በጥንት ዘመን ከወርቅ ሳንቲም የመቱት የአክሱም ነገሥታት ናቸው፤ በሦስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከእንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ። ጽሑፉ በአብዛኛው በግሪክኛ ነበር፤ ለባሕር ማዶ ንግድ የታሰበ በመሆኑ። ለዚህም ይመስለኛል ትልቁ የአክሱም ወርቅ ክምችት የተገኘው አክሱም ላይ ሳይሆን የመን ውስጥ፣ አል ማድሃሪባ በተባለ ስፍራ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚያ ከወጡት 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች 326ቱ የአክሱም፣ የቀሩት 868ቱ የሮም ነበሩ። የውጭውም ወርቅ ወደዚህ ገብቷል። ደብረ ዳሞ ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 በላይ የሕንዱ የኩሻን መንግሥት ወርቅ ሲገኝ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራ ደግሞ ፍራንሲስ አንፍሬ ከነሐስ ዕቃ ውስጥ የሮም ወርቅ ከሐብልና ከመስቀል ጋር አውጥቷል።

እነዚህ ሁሉ ከጎንደር ርቀው የሚገኙ ናቸው፤ ጎንደርም የተቆረቆረችው የአክሱም ሳንቲም ከቆመ ከ1,000 ዓመት በኋላ ነው። የጎንደር ነገሥታት ሳንቲም አላሳተሙም። ገበያዋ ላይ ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር፤ ለዕለት ግብይት አሞሌ ጨው ነበር፤ ትልቁ ገንዘብ ደግሞ ጠገራ ብር። እንግዲህ የፋሲል መልክ የተቀረጸበት ሳንቲም በስልክ ፎቶ እያሳየ ቀብድ የሚጠይቅ ካለ፣ ሊሸጥ የቀረበው ከፋሲል በኋላ ብዙ ቆይቶ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ጠገራ ብሩ ራሱ ከወርቁ ወሬ ይልቅ የሚያስገርም ታሪክ አለው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ መልኳ ያለበት ብር ግን ያንኑ ዓመት ተሸክሞ መመታቱን ቀጠለ። 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። የኛ ሰው ሲቀበል የትከሻዋን ጌጥ ነጥቦች ይቆጥር ነበር፤ ከጎደሉ ወይም ከተፋቁ ይመልሳል። አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በ1887 ዓ.ም. ሲያወጡ እንኳ ሕዝቡ የለመዳትን ሴትዮ አልተወም። ሙሶሊኒም ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማርያ ቴሬዛን ማስመታት ጀመረ፤ ኢትዮጵያን ሲወር የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከተሉ። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እስኪሰጥ ድረስ ያ የሮም ብር በየገበያው ሲዘዋወር ነበር። ጣሊያን የቀበረው ሀብት ተብሎ የሚፈለገው ቢገኝ እንኳ፣ እንደኔ ግምት፣ ሮም የተመታ የኦስትሪያ ብር የመሆን ዕድሉ ከወርቅ የሚበልጥ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም 1780 የሚል ስለሆነ፣ የብሩ ዓመት ማድጋው መቼ እንደተቀበረ አይናገርም። የሚናገረው አብሮት ያለው ነው፤ የማድጋው ሸክላ፣ ብሩ የታሰረበት ጨርቅ፣ መሐል የገባች አንዲት የምኒልክ ብር ወይም የጣሊያን ሊሬ፣ ከላዩ ያለው የአመድ ንጣፍ። አመዱ የቴዎድሮስ ቃጠሎ ነው ወይስ የደርቡሽ? ሌሊት በዶማ የቆፈረ ሰው ይህን ሁሉ በትኖ ብሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ብሩም አንጥረኛ ዘንድ ቀልጦ መስቀልና የጆሮ ጉትቻ ይሆናል።

ቆፋሪውን ብቻ መኮነን ግን አይገባም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ50 ዓመት ያላነሰ ተሰውሮ የቆየ፣ ባለቤት የሌለው ሀብት ለመሬቱ ባለቤት ይሆን ነበር፤ ያገኘውም ሰው ድርሻ ነበረው። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሆነ፤ የመሬቱ ባለቤት የሚባል ግለሰብ ቀረ። ከዚያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መጣ። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲወጣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። ላስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጠውና ወጪውም እንደሚተካለት ይኸው አዋጅ ይናገራል። ደግ ነው። የዳባት ገበሬ ግን ስለ ግዴታው እንጂ ስለ ሽልማቱ ሲነገረው አይሰማም፤ ቢሰማም «ተገቢ» የተባለው ስንት ብር እንደሆነ አዋጁ ላይ አልተጻፈም። አንጥረኛው ሚዛኑን አውጥቶ ዋጋውን እዚያው ይነግረዋል።