ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍና የመሬት ወሰን

ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ የተራራውንና የሸለቆውን ስፋት ያዛባልና እንዳለ ሊለካበት አይቻልም። ስለዚህ ኮምፒዩተር የተደራረቡትን ፎቶግራፎች መርምሮ የምድሩን ከፍታ ያሰላል፤ እያንዳንዱንም ነጥብ ቀጥታ ከላይ እንደ ታየ አድርጎ በቦታው ያኖረዋል። ይህም ኦርቶፎቶ ይባላል። በኢትዮጵያ የገጠር መሬት ይዞታ በሁለተኛ ደረጃ ሲመዘገብ የገበሬው ወሰን የሚሠመረው በዚሁ ላይ ነው።

ነገር ግን የጣራው ጠርዝ ተሸርፎ ቢታይ ከፍታው በትክክል አለመሰላቱን፥ አንዱ ዛፍ ሁለት ሆኖ ቢታይ ፎቶግራፎቹ በመጋጠሚያቸው አለመስማማታቸውን ያመለክታል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ባለሙያው መልኩን ከማሳመር ይልቅ ሥሩን ሊመረምር ይገባዋል። ፎቶግራፎቹ ወደ ፊት 80፥ በጎን 60 በመቶ ያህል መደራረባቸውን ይይ፤ በምድር ላይ ከተለኩት ምልክቶች ጋር ያመሳክር፤ ከፍታውንም እንደ ገና ያስላ። የተገለጠ ስሕተት ይታረማል፤ የተኳለ ስሕተት ግን በመዝገብ ገብቶ ጎረቤትን ከጎረቤት ያካስሳል።