ከ2,000 አንዱ ወይስ ከ84 አንዱ?

«ኬራቶኮነስ? እሱማ ብርቅ በሽታ ነው።» እንዲህ የሚለው ተራ ሰው ብቻ አይደለም። የቆዩ የሕክምና መጻሕፍትም ከ2,000 ሰው አንዱን ቢይዝ ነው ይላሉ። በሽታው የሚይዘው ኮርኒያን ነው፤ በልገሳ ዘመቻ «የዓይን ብሌን» እያልን የምንጠራውን፣ ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን። ሽፋኑ እየሳሳ ይሄድና እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ያኔ ፊደሉ ጥላ ያበጃል፣ የማታ የመኪና መብራት ጭራ ያወጣል።

ያ የ2,000 ቁጥር የመጣው ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1982 የተመዘገቡ ሕሙማን ተቆጥረው ውጤቱ በ1986 ታተመ። የተቆጠረው ታዲያ ዓይኔ አላይ አለኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሄደው ነው፤ ቤቱ የቀረውን ማን ይቁጠረው? የዘመኑ መሣሪያም የሚለካው የኮርኒያውን መሐል ብቻ ነበር። ሾጣጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያብጠው ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ነው።

ኔዘርላንድ ውስጥ የጤና መድን መዝገብ ሲገላበጥ (እ.ኤ.አ. 2017) ቁጥሩ ከ375 አንድ ሆነ። እዚያም ቢሆን የተቆጠሩት ሐኪም ያወቃቸው ናቸው። ነገሩን የለወጠው የአውስትራሊያዋ ፐርዝ ናት። ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው የኖሩ 1,259 ወጣቶች 20 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው፣ ያመመውም ያላመመውም፣ የኮርኒያቸው ቅርጽ በዘመናዊ ካሜራ ተነሣ። ከ84 አንዱ ተገኘበት። ሪያድ ውስጥ ደግሞ ለዓይን ባልሆነ ጉዳይ ድንገተኛ ክፍል ከመጡ 522 ልጆችና ወጣቶች መካከል 5 በመቶ ያህሉ ላይ ታየ።

ከዚህ ተነሥቶ «ወረርሽኝ ገባ» ማለትም ያው ሌላ ተረት ነው። ካሜራው የሚያገኘው ብዙው ቀላሉን ነው፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው ይኖራል። በእኔ ግምት ከበሽታው ይልቅ የተለወጠው አፈላለጋችን ነው።

«የዓይን ድካም የእርጅና ነው» የሚለውም እዚህ አይሠራም። ኬራቶኮነስ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል፣ በሃያዎቹ ይገፋል፣ ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። ልጅ በየስድስት ወሩ የመነጽር ቁጥር ሲቀየርበት ቤተሰብ «መነጽሩ ነው ዓይኑን ያሰነፈው» ይላል፤ ምስኪን መነጽር! የተለወጠው የኮርኒያው ቅርጽ ነው፤ የሚያሳየውም ቶፖግራፊ የሚባለው ምርመራ ነው።

«ዓይን ማሸት ምን ይጎዳል?» ለሚሉም፦ አዘውትሮ ማሸት፣ በተለይ በጣት አንጓ አጥብቆ መፈተግ፣ ከዚህ በሽታ ጋር በጥብቅ ይያያዛል። በደረቅና ሞቃት አገር የሚበዛው የልጆች የዓይን አለርጂ እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የሌለበት ለዚህ ነው፤ ማሳከኩ ሳይታከም «አትሽ!» ብሎ መቆጣት ብቻውን አይሆንም። የቤተሰብ ታሪክም ድርሻ አለው።

የመጨረሻው ተረት «መጨረሻው መታወር ነው» የሚለው ነው። ብዙዎች በመነጽር ወይም በጠንካራ ኮንታክት ሌንስ በደንብ ያያሉ፤ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። የጀርመኗ ድሬስደን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን ያሳተሙለት ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለው ሕክምና ደግሞ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታንና የአልትራቫዮሌት ብርሃንን አጣምሮ ኮርኒያውን ያጠነክራል። የሚሠራው ግን ሾጣጣው እንዳይገፋ ማቆም እንጂ ያበላሸውን መመለስ አይደለም፤ ስለዚህ በ17 ዓመቱ የተደረሰበትና በ27 ዓመቱ የተደረሰበት ወጣት ከዚህ ሕክምና የሚያተርፉት እኩል አይሆንም።