ቸል የተባለው አየር

«የአየር ሰበቃ ቸል ይባል።» በ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ስለ ተወንጫፊ አካል የሚሰጠው ጥያቄ ሁሉ ይህን ሐረግ ይዞ ይመጣል። ሐረር ላይ ሳስተምር ሐረጉን የምፈትነው በውጅግራ ነው። እኔ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም፣ መሣሪያዬ ጠመኔ ነው። ውጅግራን ግን ልጆቹ ከአያቶቻቸው ወግ ያውቁታል፤ ራስ መኮንን የሐረርን ጦር አስከትለው ወደ ዓድዋ ሲዘምቱም በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነው።

ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ ጠመንጃ 25 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። በ45 ዲግሪ ተኩሰን በመጽሐፉ ቀመር ስናሰላው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከሐረር ሐረማያ ማለት ነው! ክፍሉ ይስቃል። እውነተኛው ጥይት የዚህን ሩብ እንኳ አይሄድም፤ የቀረውን አየር በላው።

እንዴት ይበላዋል? ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከድምፅ ይፈጥናል። ከፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ ስለሌለው ተጨምቆ ሞገድ ይሆናል፤ ከኋላው ደግሞ የሳሳ አየር ይቀርና ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የውጅግራ ጥይት አፍንጫው ዱልዱም፣ ጭራው ጠፍጣፋ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ጥቂት መቶ ሜትር ሄዶ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ደግሞ መንገዳገድ ሊጀምር ይችላል። በ1898 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ለሌበል ጠመንጃ አዲስ ጥይት ሲያወጡ ፊቱን አሾሉት፣ ጭራውንም አጠበቡት። ጠመንጃው ያው የ1886ቱ ነው፤ ርቀቱን በዋናነት የጨመረው የጥይቱ ቅርጽ ነው።

ልጆቹ ይህን ለማመን ባጃጅ ይበቃቸዋል። እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን አንዴ ወደ ነፋሱ፣ አንዴ በጎን ያዞሩታል።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን ስለ ራሳችን ከተማ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ለቆላ አየር የተሰመረ ማነጣጠሪያ እዚህ ሲመጣ ሩቅ ላለ ዒላማ ጥይቱን ከፍ አድርጎ ይልካል።

የሙያ ጓደኞቼ፣ ቀመሩን አስተምሩ፤ «ቸል ይባል» ብላችሁ ስትጽፉ ግን ቸል የተባለው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ከሥሩ ጻፉላቸው።