የከዋክብትን ጉዞ በፎቶግራፍ

ከዋክብት እንደ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደሚጓዙ ብዙዎቻችን ብናውቅም ጉዞው ዝግ ያለ በመሆኑ ዓይናችን አይዘውም። ካሜራ ግን ይይዘዋል። እያንዳንዱ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ብርሃን ክር ይዘረጋል። አላህ (ሱ.ወ.) ከዋክብትን በየብስና በባሕር ጨለማ መመሪያ እንዳደረጋቸው በሱረቱል አንዓም ለሚያነብ ቤተሰብ፣ ከኢሻእ በኋላ ልጆችን ይዞ ሊሞክረው የሚገባ ሥራ ነው።

በእርግጥ የምትዞረው ምድር ናት። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ስለምትጨርስ ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል የሚዞር ይመስለናል።

በፊልም ዘመን የካሜራው መዝጊያ ለሰዓታት ክፍት ይተው ነበር። በዲጂታል ካሜራ ይህ አያዋጣም። የከተማ ብርሃን ሰማዩን ያነጣዋል፤ ካሜራው ሲሞቅ ፎቶው በነጠብጣብ ይሞላል፤ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ ቢያልፍ የሌሊቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ አጫጭር ፎቶዎች ይነሱና በኮምፒውተር ይደራረባሉ።

ካሜራውን በጽኑ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሩ። ሰፊ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8 ወይም 4፣ አይ.ኤስ.ኦ 800 እስከ 1600፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ 30 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ሌንሱን በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ አጥርታችሁ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ካሜራው በየ31 ሰከንዱ ራሱ እንዲያነሳ ቢደረግ በሁለት ሰዓት 230 ያህል ፎቶ ይገኛል።

ጀማሪን የሚያሳዝነው መስመሩ ተቆራርጦ ሲወጣ ነው። ብዙ ካሜራዎች ነጠብጣብን ለማጥፋት ከእያንዳንዱ ረጅም ፎቶ ቀጥሎ መዝጊያውን ዘግተው ያንኑ ያህል ጊዜ ጨለማ ያነሳሉ፤ ኮከቡ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 30 ሰከንድ ማለት ዘጠኝ ፒክስል ያህል ክፍተት ነው፤ 1 ሰከንድ ግን የአንድ ፒክስል ሲሶ ያህል ነውና አይታይም። ስለዚህ ይህን አሠራር አጥፉት። በምትኩ መጨረሻ ላይ ሌንሱን ከድናችሁ ጥቂት ፎቶዎች አንሱ፤ ፕሮግራሙ ነጠብጣቡን በእነሱ ይቀንሰዋል።

ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከሁሉም ፎቶዎች ደማቁን ብቻ ይመርጣል። በነጻ የሚገኘው ስታርስታክስ የቀሩ ጥቃቅን ክፍተቶችን የሚሞላበት ምርጫም አለው። አውሮፕላን ያለፈበትን ፎቶ አትጣሉት፣ መስመሩ ይቆረጣልና፤ የአውሮፕላኑን ዱካ ብቻ በጥቁር ቀብታችሁ ደርቡት።

በአውሮፓ ፎቶዎች የምናየውን ሰፊ ሙሉ ክብ ከእኛ አገር አትጠብቁ። የሰሜን ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ እጅን ዘርግቶ የአንድ ቡጢ ስፋት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትልልቆቹ ክቦች በአድማስ ተቆርጠው እንደ ቀስተ ደመና ይሆናሉ። እኔ ግን ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ መስመሮቹ ከመሬት ቀጥ ብለው ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ በኩል ሱረያን እየተከተለ የሚወጣውን አልደበራንን ለልጆች አሳዩ፤ ስሙ በዐረብኛ «ተከታዩ» ማለት ነው።

«ተደራርቦ የተሠራ ፎቶ ማታለል አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እያንዳንዱ ፎቶ በዚያ ሌሊት ከዚያ ሰማይ የመጣ ብርሃን ነውና መደራረቡ በራሱ ውሸት አይመስለኝም። የሌላ አገር ሰማይ ቆርጦ በሰፈራችን መስጊድ ሚናራ ላይ ለጥፎ «ትናንት ማታ ያነሳሁት» ማለት ግን ግልጽ ማጭበርበር ነው። የተደረበ መሆኑን ለተመልካች መንገርም ተገቢ ነው።

የጨረቃን ወር ለምንቆጥር ለእኛ ሌሊቱን መምረጥ ቀላል ነው። የወሩ መጨረሻና መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ 4ኛና 5ኛው ሌሊት ላይ ደግሞ ጨረቃ መሬቱን ጥቂት አብርታ ከእኩለ ሌሊት በፊት ትጠልቃለች። ሰዓቱንም የሶላት መርሐ ግብር ይነግራችኋል፤ ኢሻእ ሲገባ ጨለማው ይሞላል፣ ፈጅር ሲወጣ ያበቃል። ፕሮግራሙ ደማቁን ስለሚመርጥ ጎህ ከቀደደ በኋላ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻውን ሰማዩን ሁሉ ያነጣዋልና፣ እነዚያን ሳትደርቡ አውጧቸው።