የመጋዳ መንግሥትና ሥርወ መንግሥታቱ

የጥንታዊት ሕንድ ታሪክ ሲጠና ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የነገሥታትን ስም ይሸመድዳሉ። ይሁን እንጂ የስም ዝርዝር ብቻውን አንዲት ትንሽ አገር የአብዛኛው የሕንድ ክፍለ አህጉር ገዢ ለመሆን እንዴት እንደበቃች አያስረዳም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን መጋዳ ናት።

መጋዳ ትገኝ የነበረችው ከጋንጅስ ወንዝ በስተደቡብ፣ ዛሬ ቢሃር በሚባለው የሕንድ ክፍለ ሀገር ነው። ደለላማ መሬቷ ሩዝ በብዛት ያበቅላል። በስተደቡብ ካለው ከፍተኛ ቦታ ብረት፣ ከደኑም እንጨትና የጦር ዝሆን ይገኝ ነበር። ወንዞቿ የንግድ መንገድ ነበሩ። ትርፍ ምርት ባለበት ግብር ይሰበሰባል፤ ግብር ባለበትም ብዙ ጦር ይቀለባል።

የሐርያንካ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የነበረው ቢምቢሳራ በጋብቻና በጦርነት ግዛቱን አሰፋ። የቡድሃ ሃይማኖት መጻሕፍት እንደሚተርኩት፣ ልጁ አጃታሻትሩ አባቱን አስሮ ዙፋኑን ወሰደ። ከሐርያንካ በኋላ የሺሹናጋ፣ ቀጥሎም የናንዳ ሥርወ መንግሥት ነገሡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ዓመት ገደማ ቻንድራጉፕታ ናንዳዎችን ጥሎ የማውርያን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። በ185 ገደማ ደግሞ የመጨረሻውን የማውርያ ንጉሥ የጦር አዛዡ ፑሽያሚትራ ገድሎ የሹንጋን ሥርወ መንግሥት አቆመ። ዙፋኑ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም መሬቱ፣ ወንዙና ብረቱ ባሉበት ስለቆዩ የነገሠው ሁሉ በእነርሱ ኃይል አገኘ።

የዚህ ኃይል ዋጋ ምን እንደነበረ የሚመሰክርልን የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ ነው። አሾካ በ261 ገደማ በምሥራቅ ጠረፍ የምትገኘውን ካሊንጋን ወግቶ ያዘ። በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ቃል 150,000 ሰዎች ከአገራቸው ተግዘው እንደተወሰዱ፣ 100,000 እንደተገደሉ፣ ከዚህም የበዙ እንደሞቱ ገልጾ መጸጸቱን ይናገራል። ጽሑፉ በዘመኑ የነበሩ አምስት የግሪክ ነገሥታትን ስለሚጠቅስ የአሾካን ዘመን ለማወቅ ረድቷል። ፊደሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ኖሮ፣ በ1837 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፕሪንሴፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሊያነበው ቻለ።

ይሁንና አሾካ ካሊንጋን ነጻ አልለቀቀም። የጸጸቱም ቃል በካሊንጋ አልተቀረጸም፤ በዚያ የተቀረጹት በምትኩ የተዘጋጁ ሌሎች ትእዛዞች ናቸው። ስለዚህ ተማሪዎች ዓመተ ምሕረቱን ከማጥናታቸው በፊት፣ «ይህ ጽሑፍ ለማን ተጻፈ? የካሊንጋ ሰው ቢጽፈውስ ኖሮ ምን ይል ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ታሪክ የማስረጃ ምርመራ መሆኑን ይረዳሉ።